እርማት፦ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የጥንት ደን አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ። እንጦጦ ፓርክ ፎቶ ስር ብዙዎች «ይህ አፄ ምኒልክ ሲመጡ ያገኙት ደን ነው፤ ባሕር ዛፉ ሲቆረጥ ቅርስ ጠፋ» እያላችሁ ነው። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የምኒልክ ዋና ከተማ ተራራው ላይ ሳለ የአገሬው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናምኖ ነበር። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተክል ነው፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በእሳቸው ዘመን ገባ። የአገሬው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነው።

ለማረጋገጥ፣ ፈረስ ከመጋለባችሁ በፊት (ወረፋው መቼም ጊዜ ይሰጣችኋል) ግንዱን እዩ። የባሕር ዛፍ ቅርፊት በረጅሙ እየተላጠ ይወድቃል። ቅጠሉን ስታሹት ለጉንፋን የምንታጠነው ሽታ ይመጣል። የጽድ ቅጠል ግን ደቃቅ ነው።

ስህተቱ ጣጣ አለው። በባሕር ዛፉ ቦታ የጽድ ችግኝ ሲተከል «ደን ጨፈጨፉ» የሚል ጩኸት ይነሳል።