የጅሩ እናት ነሐሴ ላይ የት ትውለድ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእናቶች ሞት በተነሣ ቁጥር ስብሰባው «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይዘጋል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከተማ ውስጥ 70 በመቶ፣ ገጠር ግን 40 በመቶ ያህሉ ወሊድ በጤና ተቋም እንደሆነ አሳይቷል። ይህን ሁሉ ልዩነት ለግንዛቤ መስጠት ጥፋቱን ነፍሰ ጡሯ ላይ መደፍደፍ ነው።

እስቲ በቀን እናስላው። የአንዲት የጅሩ ነፍሰ ጡር የመጨረሻ የወር አበባ የጀመረው በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ከሆነ፣ 9 ወር ከ10 ቀን ሲደመር መውለጃዋ ነሐሴ 22 ላይ ይውላል። ነሐሴ 22 የሞረትና ጅሩ ወረዳ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ጎማ የሚውጥበት ጊዜ ነው። አምቡላንሱ ክፍያ የለውም፤ የሚመጣው ግን መንገዱ እስካስገባው ድረስ ብቻ ነው፣ የቀረውን በቃሬዛ። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ ደም የሚፈስሳት እናት ካልታከመች በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ደም የሚሰጠውና ቀዶ ሕክምና የሚደረገው በአብዛኛው ሆስፒታል ነው። የደብረ ብርሃኗ ባጃጅ ጠርታ ትደርሳለች።

ለዚህ የታሰበው መላ በጤና ጣቢያው ግቢ ያለው የእናቶች ማቆያ ነው። ቀኗ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በምሳሌያችን ነሐሴ 8፣ ትገባለች። መላው ደግ ነው፤ የሚከሽፈው በምግብና በሰው ጉልበት ነው። ወቅቱ የአረም ነው፤ አስታማሚዋ አብራ ስትሄድ ከማሳው ሁለት እጅ ይጎድላል። ሕዝቡ የሚያዋጣው እህል ከአውድማ በኋላ ስለሚሰበሰብ ክረምት ሳይወጣ ይሟጠጣል፤ ያኔ የገበሬውም ጎተራ ሣሥቷል። ለሁለት ሰው በቀን 1 ኪሎ እህል ብንይዝ ለሁለት ሳምንት 14 ኪሎ ይፈጃል። ይህን ከቤቷ ጭና የምትመጣው ያላት ናት። መንዝ ላይ ብርዱም ይጨመርበታል። ባና፣ ያ ወፍራሙ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ በሚሠራበት አገር ነፍሰ ጡር በስስ ብርድ ልብስ ማሳደር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል።

መዋጮውም ቢሆን ፍትሕ ይጎድለዋል፤ ጥማድ በሬ ያለውና የሌለው እኩል የሚሰፍሩ ከሆነ ድሃው ነው የሚጎዳው። የማቆያ ምግብ ከወረዳ በጀት ሊገዛ ይገባል፤ እዚህ ላይ ግን የታወቀ ወጥመድ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር አዲሱ ገንዘብ እስኪለቀቅና ግዥው እስኪያልቅ ነሐሴ ያልፋል። ስለዚህ የክረምቱ እህል፣ ሽሮ፣ ማገዶና ባና በአሮጌው በጀት፣ ከሰኔ በፊት ተገዝቶ መጋዘን ይግባ። የጸጥታው ችግር አምቡላንስ በሚያስቆምበት ሳምንት ማቆያው ይብሱን ያስፈልጋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ግንቦት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወልዱትን በየቀበሌው ይመዝግቡ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ አይሁን፤ ከመኪና መንገድ በጣም የራቀችው እናት ከላይ ትጻፍ፣ አልጋውም በዚያው ተራ ይያዝ።