አትንኩት፣ አሻንጉሊት ነው

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሞላት። ሌጎ ግዛልኝ ብላኛለች፤ ያን እየገጣጠሙ ቤት የሚሠሩበትን የፕላስቲክ ጡብ። ውሻ የሚታጠብበት ሱቅ ያለበትን። እንዳልሳሳት ፎቶውን ሳይቀር በእናቷ ስልክ ልካልኛለች። እዚህ ቨርጂኒያ ሱቁ ገና በሩን ሲከፍት ደረስኩ። ከፊቴ ፂሙ የሸበተ ጎልማሳ ጋሪ እየገፋ ገባ። መደርደሪያው ላይ አራት ሣጥን ነበር። አራቱንም አንድ በአንድ አነሳ፣ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ጋሪው ውስጥ ደረደራቸው።

«ይቅርታ፣ አንዷን ለልጅ ፈልጌያት ነበር» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ልጅ እኮ ይከፍተዋል» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ እሱ አሻንጉሊት የሚሰበስቡትን ጎልማሶች ሳላደንቅ ውዬ አላደርኩም። እውነቱን ነው። ልጅ ይከፍታል። ልጅ ያፈርሳል። ልጅ አፉ ውስጥ ይከታል። ይህን ሁሉ ዘመን አሻንጉሊትን ለልጅ ስንሰጥ የኖርነው ምን ያህል ግድየለሾች ብንሆን ነው!

ነገሩን የጀመረው አናጢም ተሳስቷል። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ዴንማርክ ውስጥ፣ ቢሉንድ በምትባል ቦታ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የእንጨት አሻንጉሊት መሥራት ሲጀምር ልጆችን አስቦ ነበር። ሌጎ የሚለውም ስም «ሌግ ጎት» ከሚለው የዴንማርክኛ አባባል የመጣ ነው፤ ጥሩ አድርገህ ተጫወት እንደ ማለት። ምስኪን። ጥሩ አድርገህ ቆልፍ ማለት ነበረበት።

የአንዱን ወዳጄን ነገር ግን ሳልተርክላችሁ አላልፍም። ይህ ሰው ቀን ቀን ፓርኪንግ ይሠራል። ማታ ማታ ሕንፃ ይገነባል። የሚወደው ከ2007 ጀምሮ የሚወጡትን ትልልቆቹን የሌጎ ሕንፃዎች ነው፤ ከታች ካፌ ወይ ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። በእኛ አነጋገር ጂ ፕላስ ቱ። አንዱ ሕንፃ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ቁራጭ አለው።

አንድ ማታ እናቱ ከደሴ ደውለው ምን እየሠራህ ነው አሉት።

«ቤት እየሠራሁ ነው፣ እማዬ።»

አልዋሸም።

«ስንት ክፍል?»

«ጂ ፕላስ ቱ ነው። ምድሩ አልቋል። አሁን አንደኛው ፎቅ ላይ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ በስልኩ የሰማው እልልታ ብቻ ነው። እናትየው ለዕድሩ ተናገሩ። አንድ የአጎቱ ልጅ ፎርማን ካልሆንኩ ብሎ ይደውል ጀመር። ሌላው ብረት ሳይጨምር ግዛ ብሎ መከረው። ወዳጄም «አታስቡ፣ ዕቃው ተሟልቶ ነው የመጣው፤ እንዲያውም ይተርፋል» አለ። ይሄም እውነት ነው፤ ከየሣጥኑ ሁልጊዜ ጥቂት ትርፍ ቁራጭ ይወጣል። ሲሚንቶ ሳይጎድልበት፣ ከወንድሙ ጋር ሳይካሰስ፣ በሦስት ሳምንት ጣሪያ ያደረሰ ሐበሻ ካያችሁ ንገሩኝ።

ፎቶ ላክ ተባለ። ላከ። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቤቱስ ያምራል» አሉ። «ግን ልጄ፣ ተከራዮቹ ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ ቢጫ የሆኑት? የወፍ በሽታ ይዟቸው ነው?»

ትንንሾቹ የሌጎ ሰዎች በ1978 ሲወጡም ቢጫ ነበሩ። ማን ያስረዳቸው።

በመጨረሻ እናትየው በዓይናቸው ሊያዩት መጡ። ሳሎን ሲገቡ የተቀበላቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ የተደረደረ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ላዩ ላይ 18+ ተጽፎበታል። እንግሊዝኛ ባያውቁም ይቺን ምልክት ከቴሌቪዥን ያውቋታል። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባቸውን ለሣጥኑ ሰጥተው ተቀመጡ።

የቤቱን ደንብማ አድንቁልኝ። መጋረጃ አይከፈትም፤ ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክ ታወይበዋለች። ዕጣን አይጨስም፤ ጢሱ ይቀመጥበታል። ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው። በጥር። በቨርጂኒያ ጥር! እናትየው ጋቢ ደርበው፣ በጋቢው ላይ የልጃቸውን የበረዶ ጃኬት ደርበው፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተዋል። አቧራ የሚጠረገው በሜካፕ ብሩሽ ነው። ብሩሹ የሚስቱ ነበር። አሁን የሕንፃው ነው።

አንድ ቀን ወዳጄ ሥራ እንደዋለ እናትየው ላግዘው ብለው ሕንፃውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት። ጣሪያው ወረደ። ሥሩ ደግሞ ምስር የሚለቅሙበት ሰፌድ ነበር። ማታ ሲመጣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ሁሉንም አገኘ። አንዲት ምስር የምታክል፣ ብርቱካናማ የመንገድ መብራት ብቻ ጠፋች። ሶፋ ገለበጠ። የቫኪዩሙን ከረጢት ቀደደ። በአራተኛው ቀን እናትየው ትዝ አላቸው።

«ውይ፣ እሷን ነው እንዴ? ጠጠር መስላኝ ከምስሩ ለቅሜ ጣልኳት።»

ወዳጄ በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። ለአያቱ ለቅሶ ያልወሰደውን።

ጽናቱን ተመልከቱ። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ። ስድስት ብቻ! ወዳጄ በሺህ የሚቆጠር ይዞ መመሪያው ላይ ያለችውን አንዷን መንገድ መርጧል። ከዚያች ወዲያ ወዲህ አይልም። ዓይኑም ዓይን ነው። በ2004 ግራጫው ቀለም ትንሽ ሲቀየር እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሐዘን ተቀምጠው ነበር፤ አሮጌውን ግራጫ ከአዲሱ በጨረፍታ ይለያል። ሚስትህ ለጥምቀት የለበሰችው ጥለቱ ምን ዓይነት ነበር በሉት እስቲ። «ጥለት ነበረው እንዴ?»

እሱ እንኳ ቢያንስ ይገጣጥማል። ከእሱ የሚበልጠው ጭራሽ የማይከፍተው ነው። ይህኛው ኢንቨስተር ነኝ ይላል። የ2007ቱ የመጀመሪያ ካፌ ሲወጣ 140 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ያልተከፈተ ሣጥኑ በሺዎች ይጠየቅበታል። ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ዕቁብ ሲደርሰው ሰው መኪና ይቀይራል፤ እሱ ሚሊኒየም ፋልከንን ገዛ። በ2017 የወጣችው፣ 7,541 ቁራጭ ያላት፣ ያኔ 800 ዶላር አንድ ሳንቲም ጎድሎ ትሸጥ የነበረችው የስታር ዋርስ ፊልም የጠፈር መርከብ ናት። ሁለት ነው የገዛው። አንዷን ለመገጣጠም፣ አንዷን ለማስቀመጥ። የምትገጣጠመዋንም አስቀምጧታል።

ፋብሪካው አንዱን ዓይነት ማምረት ሲያቆም «ጡረታ ወጣ» ይላሉ። የትኛው ሣጥን በየትኛው ወር ጡረታ እንደሚወጣ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል። የራስህስ ጡረታ ብትሉት፣ «ሣጥኖቹ አሉ አይደል» ይላል።

ከየት ለመደው ካላችሁ ከእናቶቻችን ብፌ ይመስለኛል። ዳንቴል ለብሶ፣ ተቆልፎ፣ ባለወርቅ ጠርዝ ሲኒ ደርድሮ የሚኖረው ብፌ። ግን ያ ሲኒ እንግዳ ሲመጣ ይወጣ ነበር። አንዱ ሲሰበር ዝም ተብሎ ይታለፍ ነበር ባልልም፣ ቢያንስ ሻይ ተጠጥቶበታል።

እኚህ ኢንቨስተር አምስት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አላቸው። ባለፈው ሄጄ አየሁት። ሣጥኖቹ ፊት ቆሟል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ሽማግሌ። አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አልዘረጋም። ማንም አትንካ አላለውም፤ ለምዶታል።

ይሄ ነውር ነው። ገንዘቡ የራስህ ነው፣ ቤትህን መጋዘን ማድረግም መብትህ ነው። አርባ ዓመትህ ላይ ቁጭ ብለህ ብትጫወትም ደስ ይበልህ፣ እኔም አብሬህ እጫወታለሁ። ግን ልጅን በአሻንጉሊት መሐል አቁሞ እጁን ማሰር ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? የሰው ልጅ ልደት እያለ ጠዋት ተነስቶ መደርደሪያ ማራቆትስ? ዕቃው የማን ሆነና ነው?

ይቅርታ፣ ማድነቄን ልጨርስ።

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ ባለ ሃያ ዶላሯን ትንሽ ሣጥን አገኘሁ። ሣጥኑን በጥርሷ ከፈተችው። መመሪያውን ወንድሟ ባርኔጣ አደረገው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎማ ያለው ቤት ሠራች፤ ውሻው ጣሪያ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዞሯል። «ለምን ወደ ኋላ?» አልኳት። «ሪቨርስ እያደረገች ነው» አለችኝ።

ያ ጂ ፕላስ ቱው ወዳጄም ኬክ ሊበላ መጥቶ ነበር። ቤቱን አላየውም። ጥግ ላይ የተጣለውን ካርቶን ነው ያየው። እጄን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባዶውንም እኮ የሚገዛ አለ። ምነው ቀደዳችሁት?»

ክሬም የነካውን ጠርዝ በናፕኪን ጠረገው። ከዚያ አጣጥፎ፣ ኮቱ ሥር ሸጉጦ ይዞት ወጣ።