በኮቡርግ አርማ ላይ ያለው ጥቁር ሰው ባሪያ አይደለም

በጀርመን ባቫሪያ የምትገኘው የኮቡርግ ከተማ አርማ ላይ የሚታየው የጥቁር ሰው ራስ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ተማርኮ የተወሰደ አፍሪካዊ ባሪያ ምስል ነው የሚል ሐሳብ ተደጋግሞ ይቀርባል። ይህን የሚሉ ሰዎች ቁጣ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን ብረዳም፣ አባባሉ ትክክል አይደለም።

ምስሉ የከተማዋ ጠባቂ የሆነው የቅዱስ ሞሪስ ነው። በትውፊቱ መሠረት ሞሪስ ከላይኛው ግብፅ የመጣው የቴብስ ሌጌዎን (የሮማ ሠራዊት ክፍል) አዛዥ ሲሆን፣ በ3ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ዛሬ ስዊዘርላንድ በምትባለው አገር ከወታደሮቹ ጋር ሰማዕትነትን ተቀበለ። ጀርመን በአፍሪካ ቅኝ ግዛት መያዝ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ቅዱሱን ጥቁር አድርጎ የመሳሉ ልማድ ግን ከዚያ ከ600 ዓመታት በላይ እንደሚቀድም፣ በጀርመኗ ማግደቡርግ ከተማ ካቴድራል የሚገኘው በ1240 አካባቢ የተቀረጸው ሐውልቱ ይመሰክራል።

ማጣራት የሚሻ ሰው የከተማዋን አርማ ታሪክ፣ እዚያው ኮቡርግ ውስጥ በቅዱሱ ስም ከተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር ያስተያይ። የአሳሳሉ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ጉትቻው፣ ያስነቅፋል የሚለው ክርክር ተገቢ ቢሆንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የባሪያ ምስል ነው ማለት ግን፣ ናዚዎች በ1934 ይህንኑ ራስ ከአርማው አስወግደው ስዋስቲካ ያለበት ሰይፍ እንደተኩበትና ምስሉ የተመለሰው እነርሱ በተሸነፉበት በ1945 መሆኑን ከአንባቢ ይሰውራል።