ማስተካከያ፦ የጆያ ታውሮው ብረት ፋብሪካ አልተዘጋም፤ አልተሠራምና

ስለ ደቡብ ጣሊያኗ ካላብሪያ ባወጣነው ጽሑፍ «በጆያ ታውሮ የተሠራው የብረታ ብረት ፋብሪካ ከስሮ ተዘጋ» የተባለው ይታረም። ፋብሪካው ከነጭራሹ አልተገነባም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ካታንዛሮ የክልሉ ዋና ከተማ ልትሆን ነው ሲባል የሬጆ ካላብሪያ ሕዝብ ለወራት አመፀ። የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የኤሚሊዮ ኮሎምቦ መንግሥት ነገሩን ለማብረድ ክልሉን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደበው፤ አስተዳደሩን ለካታንዛሮ፣ ምክር ቤቱን ለሬጆ፣ ዩኒቨርሲቲውን ለኮሴንዛ። የብረት ፋብሪካው ጆያ ታውሮ ላለችበት ለሬጆ አውራጃ የተጨመረ ካሳ መሆኑ ነው። ብርቱካንና ወይራው ተመንጥሮ ወደቡ ተቆፈረ፤ የብረት ገበያው ግን ወደቀና ዕቅዱ ተተወ። ዛሬ በቦታው ያለው እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረ የኮንቴይነር ወደብ ነው። በጽሑፋችን ከፋብሪካው ተባረሩ የተባሉት ሠራተኞችም፣ እንግዲህ፣ አልነበሩም።