ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማን አለ?

ትናንት ቻርጀር ልገዛ መሃል ባሕር ዳር አንድ የገበያ ማዕከል ገባሁ። ምድር ላይ ያለው ደህና ነው፤ ሞባይል፣ ጫማ፣ ሽቶ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ብቻውን ይሰፋል። ሦስተኛው? ጭር ያለ። «የሚከራይ» የሚለውን ወረቀት ፀሐይ አንጥቶታል። አሳንሰሩም እንደ ልማዱ ቆሟል።

ኪራዩ አልቀመስ ብሏል፣ እሺ። ግን ባዶ ቤት ምን ያተርፋል? አቧራ!

የሚያበግነኝ ይሄ ነው፦ እዚሁ ከተማ ሥዕሉን አልጋ ሥር የሚከት ልጅ አለ። ቴአትር ዛፍ ሥር የሚለማመዱ አሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ። የደንገል ታንኳ የሚሠሩ እጆች ጣና ዳር አሉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ሊያይ በጀልባ ዘጌ የተሻገረ እንግዳ፣ ሲመለስ እነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ምን ያገኛል? ቴርሞስ።

አውስትራሊያ ውስጥ ኒውካስል የምትባል ከተማ አለች። መሃሏ ባዶ ሱቅ በሱቅ ሆኖ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. «ሪኒው ኒውካስል» የሚባል ድርጅት ተቋቋመና ባለንብረቶቹን አግባባ። ባዶው ሱቅ ለአርቲስቶችና ለእጅ ባለሙያዎች በጊዜያዊነት ተሰጠ። ውሉ በየሠላሳ ቀኑ የሚታደስ ነበር። ከፋይ ተከራይ ሲመጣ ይለቁ ነበር። በቃ፣ ይሄው ነው! ሮኬት ሳይንስ አይደለም።

ይህንኑ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«ወንድሜ፣ ማሲንቆ ኪራይ ይከፍላል?»

«አሁን ማን እየከፈለዎት ነው ጋሼ?»

ስልካቸውን አነሱ። ቻርጀሩ ደግሞ ቤት ስደርስ አልሠራም።