የአለርጂ ኪኒን የአስም መድኃኒት አይደለም

ጤፍና የፎገራ ሩዝ በሚወቃበት ወቅት ባሕር ዳር ውስጥ የሚያስነጥሰውም፣ ዓይኑን የሚያሳክከውም፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚልበትም መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «የአለርጂ ኪኒን» ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ለሦስቱም ሴትሪዚን ይሸጥላቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልከራከርም፤ መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ እንደ ቀድሞው ክሎርፌኒራሚን ሰውን እንቅልፍ በእንቅልፍ አያደርገውም። ሙግቴ በሦስተኛው ላይ ነው፤ ሲር ሲር የሚል ደረት የአስም ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ባለፈው ኅዳር ተራዬን ስጠብቅ አንዲት እናት «ልጄ፣ ትንሹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አደረ፤ ያችን ነጯን ስጠኝ» አሉ። ወጣቱ ባለሙያ «እሺ እናቴ» ብሎ ከእሽጉ ላይ ጥቂት ፍሬ በመቀስ ቆርጦ ሰጣቸው። ስለ ማፏጨቱ አንድም ነገር አልጠየቀም። ሰልፉ ረጅም እንደነበር አልክድም።

ሴትሪዚን የሚገታው የሂስታሚንን ሥራ ነው። ብናኝ ሲገባ ማስት የተባሉት ሕዋሳት የሚለቁት ሂስታሚን አፍንጫን ያፈስሳል፣ ቆዳን ያሳክካል። ሳንባ ውስጥ ግን እነዚያው ሕዋሳት ሊውኮትሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫሉ። የአየር ቧንቧን በማጥበብ ከሂስታሚን እጅግ ይበረታሉ፤ ቶሎም አይለቁም። ሴትሪዚን ደግሞ እነርሱን አይገታም። ይህ የትናንት ግኝት አይደለም፤ ስዊድናዊው ቤንግት ሳሙኤልሰን ማንነታቸውን በ1979 እ.ኤ.አ. ለይቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እነርሱን የሚከላከለው ሞንቴሉካስት ነው፤ እርሱም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ እንጂ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ስቴሮይድን፣ የሚተካ አይደለም።

በአፍ የሚሳበው መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» ተብሎ በየሰፈሩ ይፈራል። አያስይዝም። ሳልቡታሞል የተጨበጠውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ የቧንቧውን እብጠት የሚያበርደው ግን ዘወትር የሚሳበው ስቴሮይድ ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዋቂዎችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም። እኛ ሳልቡታሞልም ሳንደርስ ኪኒን ላይ ቆመናል!

ባለሙያዎቻችን ከመቀሱ በፊት «ትንፋሽ ያጥረዋል? ሌሊት ያስለዋል?» ብለው ቢጠይቁ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ አዎ ከሆነ ልጁ ሐኪም ይየው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ደግሞ በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ ኪኒኑ እስኪሠራ አይጠበቅ።