ክርክር፦ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ተማሪ ዩኒፎርም ያስፈልገው ነበር?

ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ከተሞቿ በፈረሱበት ጊዜ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሄዱት የተገኘውን ለብሰው ነው። ዩኒፎርም አልነበረም። ዛሬም በአብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የለም። ያኔ መኖር ነበረበት? ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርና ጀርመን ውስጥ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ኢትዮጵያዊት ተከራክረውበታል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦

ያስፈልግ ነበር ባይ ነኝ። ምክንያቴም አንድ ነው፤ ድህነት ክፍል ውስጥ እንዳይታይ።

ጦርነቱ ሲያልቅና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመኖች ከሲሌሲያ፣ ከምሥራቅ ፕሩሺያ፣ ከሱዴተንላንድና ከመሳሰሉት የምሥራቅ አካባቢዎች ሸሽተውም ተባረውም መጡ። ብዙዎቹ የያዙት በእጃቸው የቻሉትን ብቻ ነው። ከተማው በቦምብ ስለወደመ አብዛኞቹን የተቀበላቸው ገጠሩ ነው። እስቲ ክፍሉን አስቡት። የገበሬው ልጅ ቤት አልተነካም፤ ቁም ሣጥኑም እንደነበረ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ስደተኛ ግን ከወታደር ብርድ ልብስ የተሰፋ ካፖርት ለብሳለች። ማን ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ልብሱ የሚያሳፍረው ልጅ እጁን አያወጣም። መልሱን እያወቀው ዝም ይላል። እጁን ካወጣ ብብቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ይታይበታላ! ዩኒፎርም የሚሸፍነው ይህንን ነው።

ስፌተኛዋ፦

መምህር፣ የብብቱ ነገር ልቤን ነክቶታል። በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ልብስ ቶሎ የሚሳሳው እዚያ ጋ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጨርቁ ከየት ይምጣ?

ጀርመን ውስጥ ልብስ በካርድ መታደል የጀመረው ጦርነቱ በተነሳ በጥቂት ወር፣ በኖቬምበር 1939 ነው። መጨረሻ ላይ ካርዱ እጅ ላይ ይቀራል፤ ሱቁ ውስጥ ልብስ የለም። ከሽንፈቱ በኋላማ ክርም ብርቅ ሆነ። እናቶች የወታደር ካፖርት ቀለም ነክረው ለልጅ አሳጠሩ። ከፓራሹት ሐር ቀሚስ ሰፉ። የስኳር ጆንያ ተርትረው በክሩ ሹራብ ሠሩ። ፊቱ ያለቀ ኮት ተፈትቶ፣ ተገልብጦ፣ እንደገና ተሰፋ። ግልብጥ ኮት እኛም አገር ይታወቃል፤ ኪሱ በግራ የነበረው በቀኝ ይሆናል።

ባንዲራም ነበር። በየቤቱ የተሰቀለው ቀይ የናዚ ባንዲራ ጥሩ ጨርቅ ነበር። ከመሐሉ ነጩን ክብ ፈትተው አነሱና ቀዩን ለሴት ልጆች ቀሚስ አደረጉት። ችግሩ፣ ባንዲራው በፀሐይ ሲደበዝዝ ከክቡ ሥር ያለው ቀይ እንደ አዲስ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ቀሚሱ ላይ ክብ ሆኖ ይታያል። ጎበዝ እናት ያንን ቦታ ስትቆርጥ ትጥለዋለች፤ ወይም እጥፋት ውስጥ ትደብቀዋለች። እኔ መቀስ ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። ያቺ እናት ያንን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ምን እንዳሰበች ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ለእነዚህ ሰዎች በ1946 «ልጅሽ ሰማያዊ ሹራብና ግራጫ ሱሪ ካልለበሰ አይገባም» ቢባሉስ? ልጁ ቤት ይቀራል። ጫማ በማጣትም የቀሩ ነበሩ። ክፍል ስለጠፋ ትምህርቱ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ነበር። ወንድማማቾች አንድ ጫማ ይካፈሉ ነበር፤ የጠዋቱ ሲመለስ አውልቆ ለከሰዓቱ ይሰጣል።

ደግሞ አንርሳ፤ እነዚያ ልጆች ከዩኒፎርም ገና መውጣታቸው ነው። ከ1939 ጀምሮ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ የሂትለርን የወጣቶች ድርጅት እንዲቀላቀል ሕጉ ያስገድድ ነበር። ወንዱ ቡናማ ሸሚዝና ጥቁር ቁምጣ፣ ሴቷ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሰማያዊ ጉርድ። በ1945 ያ ልብስ ሲከለከል እናቶች አርማውን ፈተው፣ ቀለም ነክረው ያንኑ አለበሷቸው። በማግስቱ «አሁን ደግሞ ሌላ ዩኒፎርም» ልንላቸው ነው?

መምህሩ፦

እህቴ፣ በ1946 ጨርቅ እንዳልነበረ ተቀብያለሁ። የሂትለሩን ግን አልቀበልም። እንግሊዝን ተመልከቺ። እዚያም ከ1941 እስከ 1949 ልብስ በኩፖን ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደንቡን ቀለል አደረጉት እንጂ ዩኒፎርሙን አልጣሉም። የእንግሊዝ ልጅ ኮትና ክራባት በመልበሱ ፋሽስት አልሆነም። ክፉ ሰዎች አንድን ነገር ስለተጠቀሙበት ነገሩ ክፉ አይሆንም።

ልጆቹን «ያገኛችሁትን ልበሱ» ብሎ መተው ደግሞ ነፃነት አይደለም። ነፃነት ብትዪውም ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው አላከበሩትም። በ1950ዎቹ በምዕራብ ጀርመን ጂንስ የጋጠወጥ ልብስ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሴት ልጅ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሱሪ ለብሳ መምጣት አትችልም፤ በበረዶ ቀን እንኳ ከሱሪው በላይ ጉርድ ትደርባለች። ስለዚህ ደንቡ ነበረ። የጎደለው እኩልነቱ ነው። ዩኒፎርም ቢኖር ሁሉም ምን እንደሚለብስ በግልጽ ያውቅ ነበር።

ስፌተኛዋ፦

የእንግሊዙ ልጅ የታላቅ ወንድሙን ኮት ይወርሳል፤ ልብሱ ቤት ውስጥ አለ። የጀርመኑ ከምን ይጀምር?

እኩልነት ላሉት ኮሚኒስቶች የያዟት ምሥራቅ ጀርመን አለችልዎት። በዲሴምበር 1948፣ ገና በሶቪየት ጦር ሥር ሳለች፣ «አቅኚዎች» የሚባል የኮሚኒስቶቹ የልጆች ድርጅት ተመሠረተ። ነጭ ሸሚዝ፣ አንገት ላይ ሰማያዊ ሻርፕ። በየቀኑ አይለበስም፤ በበዓልና ባንዲራ ሲሰቀል ግን ክፍሉ ሁሉ ያንን ለብሶ ይሰለፋል። ቤተሰቡ በሃይማኖቱ ምክንያት ያላስመዘገበው ልጅ መሐላቸው ሹራቡን ለብሶ ይቆማል። ብብቱ የተቀደደውን ልጅ የሚያየው አጠገቡ ያለው ነው። ይኼኛውን ግቢው ሁሉ ያየዋል።

መምህሩ፦

እሱ የድርጅት ልብስ ነው፤ የትምህርት ቤት አይደለም። እኔ የምለው ሳይመርጥ ሁሉም የሚለብሰውን ነው።

ግን እውነቱን ልናገር። አንድ ዓመት፣ አንድ ልጅ ዩኒፎርም ሳይለብስ ለሦስተኛ ቀን መጣ። ደንብ ነው ብዬ መለስኩት። አልተመለሰም። ቤቱ ሄጄ ስጠይቅ ሊስትሮ ጀምሯል። ስለዚህ ያልሽው ይገባኛል። ዩኒፎርም የሚያለብስ ሰው መጀመሪያ ጨርቁን መስጠት አለበት። መንግሥት ሳይሰጥ ማዘዝ የለበትም። በዚህ ተሸንፌያለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። በጁን 1948 በምዕራቡ በኩል አዲሱ ገንዘብ፣ አዲሱ ማርክ፣ መጣ። ሱቆቹ በአንድ ሌሊት ሞሉ። ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ያኔ ለምን አልተደረገም? ምክንያቱም ያኔ ነው ልዩነቱ የባሰው። ገንዘብ ያለው አዲስ ገዛ፤ ስደተኛው በብርድ ልብሱ ቀረ።

ስፌተኛዋ፦

ጥያቄው ትክክል ነው። ልዩነቱ ሰፍቷል፤ አልክደውም። መልሴን ግን ከአንዲት ደንበኛዬ ልውሰድ። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው። ጉርድ ልታሳጥር መጥታ ነው ያወራችኝ።

ከጦርነቱ በኋላ የለበሰችው ሁሉ የሌላ ሰው ነበር። ካፖርቷ የአጎቷ፣ ጫማዋ ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ሰልባጅ፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ የተጠቀጠቀበት። ክረምት ላይ ደግሞ ረጅም የሱፍ ካልሲ ነበር። ወንዱም ሴቱም ይለብሰዋል። ላይብሼን የሚባል ትንሽ ሰደርያ ከውስጥ ይለበሳል፤ ከሱ ላስቲክ ይወርዳል፤ ላስቲኩ ጫፍ ላይ ያለው ቁልፍ ካልሲውን ይይዛል። ቁልፉ ሲጠፋ ሳንቲም ያስገቡበታል። ሱፉ እንደ ሳማ ይበላል። በካልሲውና በቁምጣው መካከል ያለው ገላ ባዶ ስለሚቀር በብርድ ይቀላል። ይህን ስትነግረኝ ጭኗን በሁለት እጇ ይዛ ያሳከካትን ቦታ አሳየችኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ!

በ1948 ስምንት ዓመቷ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ 40 ማርክ ታደለ። እናቷ ባል የላትም፤ አልተመለሰም። ከዚያች ብር ላይ ሁለት ሜትር ሰማያዊ ጨርቅ ገዛች፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። ሌሊቱን ሰፍታ አደረች። ልጅቷ ጠዋት ስትለብሰው ጨርቁ ደረቅ ነበር፤ ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በፊት አዲስ ጨርቅ ገላዋን ነክቶት አያውቅም። የማንም ግልብጥ አልነበረም። በሷ ልክ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት እስክትደርስ በመንገዱ ጠርዝ፣ ጭቃው እንዳይነካት ቀስ ብላ እንደሄደች ነገረችኝ።

መምህር፣ ያን ጠዋት በር ላይ ቆሜ «አውልቂው፤ እንደ ሌሎቹ ልበሺ» ልላት አልችልም።